ከእሹሩሩ እስከ ከበሮ፦ ትንንሽ ልጆችን ሙዚቃ በጨዋታ የማስተማር ዝርዝር መመሪያ

ክፍሌ ውስጥ አንድ የአራት ዓመት ልጅ ነበር። ከመጣ ሦስት ሳምንት ሞልቶት አንድም ቃል አልተነፈሰም። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት የምሳ ዕቃውን ክዳን በማንኪያ መታ መታ አደረገ። ጠ ጠ፣ ጠጠጠ። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ጠረጴዛውን በጣቴ ልክ እንደሱ መታሁ። ቀና ብሎ አየኝ። ደገመው። ደገምኩለት። ከዚያ ሆን ብሎ ቀየረው፤ ጠጠጠ፣ ጠ። እኔም ተከተልኩት። ሩዙ ቀዘቀዘ፤ እኛ ግን ደወሉ እስኪደወል አላቆምንም። በማግስቱ ጠዋት ወደ ክፍል ከመግባቱ በፊት በሩን በጣቱ መታ። ጠ ጠ፣ ጠጠጠ። ከዚያ ሳቀልኝ።

ሙዚቃ ማስተማር ሲባል ብዙ ወላጅና መምህር ኪቦርድ፣ ኖታ፣ ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ዶ ሬ ሚ ነው ትዝ የሚለው። ከ3 እስከ 6 ዓመት ላለ ልጅ ግን በሩ ያ አይደለም። በሩ ጨዋታ ነው። የኛ ልጆች ደግሞ ጨዋታውን ይዘውት ነው የሚመጡት። አኩኩሉ ያውቃሉ። መሐረቤን ያያችሁ ያውቃሉ። በእሹሩሩ ተኝተው አድገዋል። ስለዚህ እዚህ የምነግራችሁ አዲስ ነገር ከውጭ ስለማምጣት አይደለም። እጃችሁ ላይ ያለውን ጨዋታ እንዴት ወደ ትምህርት እንደምትመሩት ነው።

ይህ ሐሳብ የኔ ብቻ አይደለም። የሃንጋሪው የሙዚቃ ሰው ዞልታን ኮዳይ (ከ1882 እስከ 1967 እ.ኤ.አ.) ልጅ ሙዚቃን መጀመር ያለበት በአፍ መፍቻ ቋንቋው በሚዜም የሕዝብ ዜማ ነው ይል ነበር። ጀርመናዊው ካርል ኦርፍ (ከ1895 እስከ 1982 እ.ኤ.አ.) ንግግርን፣ እንቅስቃሴንና ጭብጨባን አንድ ላይ አድርጎ ያስተምር ነበር። እኛም ዘንድ የአብነት ተማሪ ዜማን ከየኔታ አፍ እየሰማና እየደጋገመ ነው የሚይዘው። ጆሮ ይቀድማል፤ ጽሑፍ ኋላ ይመጣል።

ከመጀመራችሁ በፊት

ሰሌን ወይም ምንጣፍ አንጥፉ። ወንበርና ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳ ግፉት። ጫማ ይውለቅ። ክብ ሠርታችሁ እናንተም መሬት ላይ ተቀመጡ። ቆሞ የሚያዝ ትልቅ ሰው ካለ ልጆቹ ጨዋታ መሆኑን አያምኑም።

ስልኩን አስቀምጡት። ዩቲዩብ ላይ ብዙ የልጆች መዝሙር አለ፤ መጥፎ ነው አልልም። ግን ልጁ ሲሳሳት ስፒከሩ ቆሞ አይጠብቀውም። እናንተ ትጠብቁታላችሁ። ደግሞ ልጅ ዜማ የሚማረው አፋችሁን እያየ ነው። ድምፄ አያምርም ብላችሁ የምትፈሩ ካላችሁ፣ ልጅ የእናቱን ድምፅ ከማንም ዘፋኝ አያሳንስም። ዝፈኑ።

ጊዜው አጭር ይሁን። ለሦስት ዓመት ልጅ 10 ደቂቃ፣ ለአራትና ለአምስት ዓመት 15 ደቂቃ፣ ለስድስት ዓመት ደግሞ 20 ደቂቃ ይበቃል። በሳምንት አንዴ አንድ ሰዓት ከመያዝ በየቀኑ 10 ደቂቃ መጫወት በጣም ይሻላል።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ አስተካክሉ፤ ቃላቱን። በአማርኛ «ድምፅህን ከፍ አድርግ» ማለት «ጮክ በል» ማለት ነው። ልጁን ስለ ዜማ ስታወሩት «ከፍ በል» ካላችሁት ይጮኻል። ጥፋቱ የሱ አይደለም። ስለዚህ እኔ ሁልጊዜ እንዲህ እለያቸዋለሁ፦ ለዜማው ቀጭንና ወፍራም፣ ለጉልበቱ ጮክና ለስለስ፣ ለፍጥነቱ ፈጠንና ዝግ። ረዳት መምህር ካለች እሷም እነዚሁኑ ቃላት ትጠቀም። ይቺ ትንሽ ነገር የወራት ግራ መጋባትን ታድናለች።

አንደኛ፦ ምት ከእግር ይጀምራል

ምትን «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» ብላችሁ አትጀምሩ። አንዱን ልጅ አስነሱና ከዚህ ግድግዳ እስከዚያኛው እንዲሄድ ንገሩት። እንደፈለገ ይሂድ። እናንተ በከበሮ፣ ከበሮ ከሌለ በጭብጨባ፣ እግሩን ተከተሉ። ሲፈጥን ፍጠኑ። ሲቆም ዝም በሉ። ከሦስትና አራት እርምጃ በኋላ ልጁ ነገሩ ይገባዋል፤ ከበሮውን የሚያዘው እሱ ነው! ፊቱን ያን ጊዜ እዩት። ወዲያው ይቆማል፣ ይሮጣል፣ መልሶ ይቆማል፤ ሊፈትናችሁ ነው። ፈተናውን እለፉ።

ይህን ለአንድ ሳምንት ያህል በየተራ ተጫወቱ። ከዚያ ገልብጡት፤ አሁን ከበሮው ይመራል፣ እግር ይከተላል። ብዙ ሰው ከዚህኛው ስለሚጀምር ነው የሚቸገረው። ትንሽ ልጅ በተፈጥሮው ከትልቅ ሰው ይፈጥናል። በናንተ ዝግ ያለ ምት ሂድ ስትሉት እግሩ እምቢ ይለዋል። መጀመሪያ የሱን ፍጥነት ያዙ፤ ከዚያ ቀስ እያላችሁ ወደ ዝግታ ውሰዱት።

ሲለምዱ እንስሳ አስገቡበት። ለዝሆን ዝግ ያለና ከባድ፣ ለአይጥ ፈጠን ያለና ለስላሳ። ከበሮው ድንገት ዝም ሲል ሁሉም ሐውልት ይሆናል። ይህችን የዝምታ ጨዋታ አትዝለሏት። ዝም ማለት የሙዚቃ አንዱ ክፍል ነው፤ ልጆች በሌላ መንገድ አይማሩትም። ሐውልቱ ተነቃነቀ ብላችሁ ግን ማንንም ከጨዋታ አታስወጡ። ቶሎ የሚወጣው ልምምዱ ይበልጥ የሚያስፈልገው ልጅ ነው።

ሁለተኛ፦ ስማቸውን አጨብጭቡት

ይህኛው ክፍል እኔ በጣም የምወደው ነው። ክብ ውስጥ ሆናችሁ የእያንዳንዱን ልጅ ስም በጭብጨባ ተጫወቱ። አ-በ-በ፣ ሦስት። ፎ-ዚ-ያ፣ ሦስት። ዮ-ናስ፣ ሁለት። ሁሉም ልጅ በአንድ ድምፅ ይድገመው። ስሙ የተጨበጨበለት ልጅ ደስታው ሌላ ነው።

እዚህ ላይ ግን መምህራን አንድ ስህተት እንሠራለን። ጭብጨባውን በፊደል ቁጥር እናደርገዋለን። ማርታ በጽሑፍ ሦስት ፊደል ናት፤ በጭብጨባ ግን ሁለት ናት፤ ማር-ታ። ቤተልሔም አምስት ፊደል ናት፤ ጭብጨባዋ ሦስት ነው፤ ቤ-ተል-ሔም። ሳድስ ፊደል ብዙ ጊዜ አናባቢ ሳይኖረው ከፊቱ ካለው ጋር ይለጠፋል። ስለዚህ ፊደሉን እርሱት፤ ጆሯችሁን እመኑ። አገጫችሁ ስር እጃችሁን አድርጋችሁ ስሙን ጥሩት። አገጫችሁ ስንት ጊዜ ወረደ? ጭብጨባው እሱ ነው። ልጆቹም ይህን አገጭ የመያዝ ጨዋታ ይወዱታል።

አምስትና ስድስት ዓመት ለሞላቸው መጥበቅና መላላትንም መጨመር ይቻላል። ገና በዓሉ ይጠብቃል፤ ገና «ገና አልመጣም» ስንል ይላላል። አንደኛው ላይ ምላስ ቆየት ይላል፣ ሁለተኛው ላይ ቶሎ ታልፋለች። ልጆቹ መጀመሪያ አይለዩትም። ከተወሰነ ቀን በኋላ ግን ራሳቸው እየፈለጉ ያመጡላችኋል። ቋንቋቸው ውስጥ ያለውን አጭርና ረጅም መስማት ጀመሩ ማለት ነው።

ከስም ወደ ምግብ ሂዱ። «ሙዝ» አንድ ጭብጨባ ነው፤ ቆየት ይላል። «ዳቦ» ሁለት ፈጣን ጭብጨባ ነው፤ ሁለቱ ተደምረው የአንድ ሙዝ ያህል ጊዜ ይወስዳሉ። አሁን ወረቀት ላይ ሙዝና ዳቦ ሣሉ። በተርታ አስቀምጧቸው፦

ሙዝ ሙዝ ዳቦ ሙዝ

ጣታችሁን ከሥዕል ሥዕል እያሳለፋችሁ አንብቡ፤ እነሱ ያጨብጭቡ። ከዚያ አንዱን ልጅ ጥሩና ሥዕሎቹን እንደፈለገ ያደባልቃቸው። ዳቦ ዳቦ ሙዝ ሙዝ። ክፍሉ በሙሉ የሱን ድርሰት ያጨበጭባል። ልጁ ምት አነበበ፣ ምትም ደረሰ፤ ኖታ የሚባል ቃል ግን አልተጠራም። አንድ ሥዕል ገልብጣችሁ ባዶ ወረቀት ካደረጋችሁት ደግሞ የዝምታ ምት ይሆናል። እዚያ ጋ ሲደርሱ እጃቸውን ገልጠው አየር ላይ ያሳዩ።

ሦስተኛ፦ ቀጭንና ወፍራም ድምፅ

ትልልቅ ሰዎች ለልጅ ስንዘፍን ለራሳችን በሚመቸን ድምፅ ነው የምንዘፍነው። ለልጁ በጣም ወፍራም ነው። ልጁ እዚያ መውረድ ሲያቅተው ማውራት ይጀምራል። እኛም «ይሄ ልጅ ድምፅ የለውም» እንላለን። እባካችሁ ይህን ቃል በልጅ ፊት አትናገሩ። በአምስት ዓመቱ የሰማውን ሃምሳ ዓመት ሙሉ ተሸክሞት የሚኖር ሰው አውቃለሁ። እስከ ዛሬ ሠርግ ላይ እንኳ አፉን አይከፍትም።

ኪቦርድ ካላችሁ ለትንንሾቹ የሚመቸው ከመሃለኛው ዶ ቀጥላ ካለችው ሬ ተነስቶ እስከዚያው ላ ድረስ ያለው ነው። ከሌላችሁ፣ ሩቅ ያለን ሰው ስትጠሩ የምታወጡትን ድምፅ ያዙ። ወንድ መምህራን ቀጭን አድርጋችሁ ዝፈኑ፤ ከከበዳችሁ አንዲት ድምፅዋ የተስተካከለ ልጅ ትጀምርላችሁና ሌሎቹ እሷን ይከተሉ።

ልጆቹ ቀጭኑን ድምፃቸውን እንዲያገኙት መጫወት ብቻ ይበቃል። የድመት ግልገል እንዴት ትጮኻለች? የአምቡላንስ ድምፅስ? ክንዳቸውን ከመሬት ወደ ላይ እያነሱ ድምፃቸውም እንደ አምቡላንሱ ይውጣ፣ ይውረድ። አውራ ዶሮ፣ አህያ፣ ንብ። እንዲህ የተሟሟቀ ጉሮሮ ለዜማ ዝግጁ ነው።

ከዚያ አኩኩሉ። የሚፈልገው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያደርጋል። «አኩኩሉ!» ይላል። የተደበቁት «አልነጋም!» ይላሉ፤ እስኪነጋ ድረስ። ይህ ጥሪና መልስ ራሱ ዜማ አለው። እናንተ ፈላጊ ሁኑና ጥሪውን አንዴ በቀጭን፣ አንዴ በወፍራም፣ አንዴ በሹክሹክታ አድርጉት። መልሱ ልክ እንደ ጥሪው መሆን አለበት። በአንድ ጨዋታ ውስጥ ልጆቹ ሰባት ስምንት ጊዜ ድምፅ ሰምተው መልሰዋል፤ አንዱም ልምምድ ላይ ነኝ አላለም።

ስም መጥሪያውንም ወደ ዜማ ቀይሩት። «ሣ-ራ» ብላችሁ በሁለት ድምፅ ጥሯት፤ መጀመሪያ ቀጭን፣ ቀጥሎ ወፈር ያለ። እሷም በዚያው ዜማ «አለ-ሁ» ትበል። ልጁ ዝም ብሎ በንግግር ከመለሰ አታርሙት። «ጎሽ» ብላችሁ እለፉ። ነገ እንደገና ይጠራል። አንዳንዱ ልጅ በሳምንት፣ አንዳንዱ በስድስት ወር ነው ዜማውን የሚያገኘው።

አራተኛ፦ አውራጅና ተቀባይ

ዘፈናችን፣ መዝሙራችን፣ ቀረርቷችን ሁሉ አንዱ ሲያወርድ ሌላው ሲቀበል ነው የሚያምረው። ይህ ለልጅ ትልቅ ጸጋ ነው። ተቀባዩ የሚይዘው አንድ አጭር መልስ ብቻ ስለሆነ የሦስት ዓመቱም ልጅ ይችለዋል። ሆያ ሆዬ ላይ «ሆ»፣ አበባየሆሽ ላይ «ለምለም»። በቃ።

በመሐረብ ጨዋታ እንጀምር። ሁሉም ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። አንዱ ልጅ መሐረብ ይዞ ከኋላቸው ይዞራል። «መሐረቤን ያያችሁ?» ይላል፤ «አላየንም!» ይሉታል። ከአንዱ ልጅ ኋላ ጣል ያደርገዋል። የተጣለበት ልጅ ሲያውቅ ተነስቶ ያባርረዋል። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። እናንተ የምትጨምሩት ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ዟሪው እርምጃው ከዜማው ምት ጋር ይገጥም። ሁለተኛ፣ የተቀመጡት ጉልበታቸውን በምቱ ይምቱ። ሦስተኛ፣ አንዴ ፈጠን፣ አንዴ ዝግ አድርጉት። ሦስቱንም በአንድ ቀን አትጨምሩ። በየሳምንቱ አንድ።

እያንዳንዱ ልጅ የማውረድ ተራ ይድረሰው። ዓይናፋር የሆነውን ብቻውን አታቁሙት፤ ከጓደኛው ጋር ሁለት ሆነው ያውርዱ። ልጁ ግጥሙን ከረሳና ከራሱ ፈጥሮ ከጨመረ ተቀበሉት። አንዲት ልጅ ግጥሙ ጠፍቷት «ቲቸር ጫማዋ ቀይ ነው» ብላ አወረደች። ሃያ ሁለት ልጅ በሙሉ ድምፁ ተቀበላት። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጆቹ ራሳቸው የሚገጥሙበት አምስት ደቂቃ መድቤያለሁ።

የበዓል ዜማዎችንም በጊዜያቸው ያዙ። አበባየሆሽ ለመስከረም 1 ነው፤ ሆያ ሆዬ ለቡሄ፣ ነሐሴ 13። ሁለቱም የሚውሉት ትምህርት ቤት ዝግ በሆነበት ጊዜ ስለሆነ ልምምዱ የቤትና የሰፈር ሥራ ነው። በልማድ አበባየሆሽ የሴቶች፣ ሆያ ሆዬ የወንዶች ነው። ለመማር ግን ሁሉም ልጅ ሁሉንም ቢይዝ ደስ ይለኛል። ክፍላችሁ ውስጥ የተለያየ እምነትና ቋንቋ ያላቸው ልጆች ካሉ ወላጆችን ጠይቁ። «እቤት ልጁን ስታስተኙት ምን ትሉለታላችሁ?» በሉ። በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በጉራጊኛ፣ በሶማሊኛ የሚመጣላችሁ ነገር ከማንኛውም መጽሐፍ የበለጠ ነው።

አምስተኛ፦ ትከሻና ስድስቱ ምት

ብዙዎቹ የእስክስታ ዘፈኖቻችን በስድስት ትንንሽ ምት የሚሄዱ ናቸው። ጭክችካ የምንለው። ይህን ለልጅ በቁጥር ማስረዳት አይቻልም፤ በቃል ግን ይቻላል።

«ጨ-ዋ-ታ፣ ጨ-ዋ-ታ» በሉ። ስድስት ሆነ። «ጨ» ላይ ብቻ አጨብጭቡ። ሁለት ጭብጨባ። ልጆቹ ሲይዙት ትከሻ ጨምሩ፤ «ጨ» ላይ ሁለቱም ትከሻ ወደ ላይ ይነሳል። በዚህ ዕድሜ ትከሻን ፊትና ኋላ ማወራጨት ይከብዳቸዋል፤ ላይና ታች ይበቃል። እጃቸውን ወገባቸው ላይ ካደረጉ ደግሞ ይቀልላቸዋል።

ለስድስት ዓመቶቹ አንድ ትልቅ ጨዋታ አለ። ያንኑ ስድስት ምት በሌላ መንገድ ቁረጡት፤ «ዳ-ቦ፣ ዳ-ቦ፣ ዳ-ቦ»። «ዳ» ላይ ብቻ አጨብጭቡ፤ አሁን ጭብጨባው ሦስት ነው። ክፍሉን ለሁለት ክፈሉ። ግማሹ ጨዋታ ጨዋታ ይበል፣ ግማሹ ዳቦ ዳቦ ዳቦ። እኩል ጀምረው እኩል ይጨርሳሉ፤ መሃሉ ላይ ግን ሁለት ሦስቱን ይሻማዋል። መጀመሪያ ይፈርሳል። ደግማችሁ ዝግ አድርጋችሁ ሞክሩ። የተሳካ ቀን ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው ነገር ከዘፈኖቻችን ልብ የወጣ ነው።

ስድስተኛ፦ መሣሪያ ከሃይላንድና ከቆርኪ

መግዛት አያስፈልግም። ግማሽ ሊትር የሚይዝ ባዶ ሃይላንድ ውሰዱ። በደንብ አድርቁት፤ እርጥበት ካለው እህሉ ይሻግታል። በሁለት ጣት ከፍታ ያህል ምስር ጨምሩ። ከዚያ በላይ ከሞላችሁት ድምፁ ይታፈናል። ክዳኑን በማጣበቂያ አጣብቁትና ዙሪያውን በፕላስተር ጠምጥሙት። ይህ ጥንቃቄ ቀልድ አይደለም። ክዳኑ የላላ አንድ ጠርሙስ ተከፍቶብኝ አፍንጫው ውስጥ ሽምብራ የከተተ ልጅ ይዤ ጤና ጣቢያ ሮጫለሁ። ሦስት ዓመት ላልሞላው ልጅ እህል ያለበትን ነገር ብቻውን አትስጡ።

ከዚያ ጆሮ የሚያነቃ ጨዋታ ይመጣል። አንዱ ሃይላንድ ውስጥ ጤፍ፣ አንዱ ውስጥ ምስር፣ አንዱ ውስጥ ሽምብራ አድርጉ። ውጭውን በወረቀት ሸፍኑት። ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው የቱ የቱ እንደሆነ በድምፁ ይለዩ። ጤፍ እንደ ዝናብ ሽሽሽ ትላለች። ሽምብራ ይንኳኳል። አንድ ልጅ የምስሯን ድምፅ «እማዬ ስትለቅም» አለኝ። እናቱ ምስር ስትለቅም ሰፌዱ ላይ የሚሰማው ድምፅ ነው ያለው። ልክ ነበር።

ለጸናጽል የለስላሳ ቆርኪ ሰብስቡ። በመዶሻ ጠፍጥፏቸውና ጠርዛቸው እጅ እንዳይቆርጥ አድርጉ። መሃላቸውን በምስማር ብሱና ሽቦ ላይ ሰክታችሁ ባላ እንጨት ላይ እሰሩት። መብሳቱና መጠፍጠፉ የትልቅ ሰው ሥራ ነው፤ መሰካቱ የልጆቹ። ባዶ ጀሪካን ተገልብጦ ከበሮ ይሆናል።

እውነተኛ ከበሮ ካገኛችሁ ግን እድለኞች ናችሁ። ሁለት ፊት አለው፤ ሰፊው ወፍራም፣ ጠባቡ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። ቀጭንና ወፍራምን ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ዕቃ የለም። ሰፊው ሲመታ ቁጭ፣ ጠባቡ ሲመታ ብድግ። ዓይናቸውን ጨፍነው ይሞክሩት። መስማት የሚቸገር ልጅ ካላችሁ እጁን ከበሮው ጎን ላይ አስደግፉለት። ምቱን በመዳፉ ያገኘዋል።

አንድ ሕግ ብቻ አውጡ፦ «እጅ ጭን ላይ» ሲባል መሣሪያው መሬት፣ እጅ ጭን ላይ። መሣሪያ ከማደላችሁ በፊት ይህን አምስት ጊዜ ተለማመዱ። እኔ ሳልለማመድ አድዬ አውቃለሁ፤ የዚያን ቀን ማንም ምንም አልሰማም።

ክራር ያለው ሰው በአቅራቢያችሁ ካለ ጋብዙት። ክሮቹን በትዝታ ቅኝት ካስተካከላቸው ልጁ የቱንም ክር ቢነካ ድምፁ አይጣላም። ይህ ለልጅ ትልቅ ነገር ነው፤ መሳሳት የለም። ኪቦርድ ላይም እንዲሁ ይቻላል። ጥቁሮቹን ቁልፎች ብቻ ይንካ፤ አምስት አምስት ድምፅ ስለሆኑ እንደ ትዝታ ይዋደዳሉ። ሌሎቹን ቅኝቶች፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን፣ ለጊዜው ዝም ብለው ይስሟቸው። ስማቸውን ማወቅ የዚህ ዕድሜ ሥራ አይደለም።

ሰባተኛ፦ እሹሩሩ

ልጆችን አንጫጭታችሁ ወደ ቤት አትስደዱ። እኔ ሁልጊዜ በእሹሩሩ ነው የምጨርሰው። አሻንጉሊት ወይም የተጠቀለለ ሹራብ በነጠላ ያዝላሉ። ወንዶቹም ጭምር። ዝግ ብለው እየተራመዱ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ ያስተኙታል። «ሕፃኑ እንዳይነቃ» ስትሏቸው ለስለስ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያለ ምንም ማብራሪያ ይገባቸዋል። ዜማው ወደ ማንጎራጎር፣ ማንጎራጎሩ ወደ ዝምታ ይወርዳል። ዝምታው ውስጥ ውጭ ያለውን ድምፅ ይስሙ። ወፍ፣ ሚኒባስ፣ የጎረቤት ሙቀጫ።

ሁሉም በአንድ ላይ ሲሆን

የ15 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ለኔ እንዲህ ነው። ሁለት ደቂቃ ስም መጥራት በዜማ። ሦስት ደቂቃ እግርና ከበሮ። አራት ደቂቃ የዕለቱ አዲስ ነገር፤ ሙዝና ዳቦው ወይም መሣሪያው። አራት ደቂቃ የክብ ጨዋታ። ሁለት ደቂቃ እሹሩሩ። አዲስ ነገር በቀን አንድ ብቻ። የቀረው ትናንት የተጫወቱት ይሁን። ልጅ መደጋገም አይሰለቸውም፤ የሚሰለቸን እኛ ነን።

ክፍላችሁ ውስጥ አርባ ልጅ ካለ ሁለት ክብ ሥሩ፤ አንዱ ውስጥ፣ አንዱ ውጭ። የውስጡ ሲጫወት የውጭው ምት ይይዛል። ከዚያ ይቀያየሩ። የማይሳተፍ ልጅ ካለ ጥጉ ላይ ይቀመጥ፤ አትጎትቱት። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ልጅ ትምህርት ቤት ዝም ይላል፣ ማታ ቤቱ ውስጥ ግን ሁሉንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይዘፍነዋል። እናቱን ብትጠይቋት ትነግራችኋለች።

ለወላጆች

እቤት ክፍለ ጊዜ አያስፈልጋችሁም። ቡና ሲወቀጥ ልጁ ከዘነዘናው ጋር ያጨብጭብ። ገላውን ስታጥቡት አምቡላንሱን ተጫወቱ። ደረጃ ስትወጡ የልጁን ስም እየቆራረጣችሁ በየደረጃው ጥሩት።

ውጭ አገር ላላችሁ፣ በዋሽንግተንም በቴል አቪቭም በዱባይም፣ ይህ ነገር እጥፍ ይጠቅማል። አማርኛ ተናገር ሲሉት እምቢ የሚል ልጅ መሐረቤን ያያችሁ ሲባል «አላየንም!» ለማለት አይግደረደርም። አያቱን ስልክ ላይ እሹሩሩ አስብሏትና ቅዱት። ማታ ማታ ይስማው። ቅጂው ግን የናንተን ድምፅ አይተካም፤ አብራችሁ ዝፈኑ።

በመጨረሻም አንድ ደብተር ያዙ። ነጥብ አትስጡ፤ ፈተናም የለም። የልጁን ስም፣ ቀኑንና የሰማችሁትን አንድ ነገር ብቻ ጻፉ። ደብተሬ ላይ ካሉት አንዳንዶቹ እንዲህ ይላሉ። «ጥቅምት 8፣ እግሩ ከከበሮው ጋር አራት እርምጃ ገጠመ።» «ኅዳር 20፣ ስሟ ሲጠራ ለመጀመሪያ ጊዜ በዜማ መለሰች።» «ታኅሣሥ 3፣ እጁን እየታጠበ ብቻውን አንጎራጎረ። የትኛውን እንደሆነ አላወቅሁትም፤ የራሱ ነው መሰለኝ።»